ስለ ጓሮ ብስባሽ ማብሰያ ዕቃ አመራረጥ

በቤት ውስጥ ካለው ነገር ኹሉ የጌታም ኾነ የእመቤት ዓይን የማያርፍበት ቢኖር፣ ከማድ ቤት በኋላ በር የሚወጣው ጥራጊ ነው። ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መጋረጃው ብዙ ይመከራል፤ የሽንኩርቱ ልጣጭና የጎመኑ ግንድ፣ የቡናው አተላና ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጤማ ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በከረጢት ታስሮ ከደጅ ይቀመጣል፤ ሰብሳቢዎቹ መጥተው ይወስዱታል፤ ነገሩም በዚሁ ያለቀ ይመስላል።

በአዲስ አበባ ከየቤቱ ከሚወጣው ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው በባሕርዩ የሚበሰብስና ወደ አፈር ሊመለስ የሚቻል ነው። ይህ ኹሉ ከላስቲኩ፣ ከጠርሙሱና ከቆርቆሮው ጋራ ተቀላቅሎ ባንድ ስፍራ ሲከመር ምን እንደሚያስከትል በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ስፍራ ታይቷል። ለአምሳ ዓመት ያህል የተከማቸው የጥራጊ ተራራ በዚያ ምሽት ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደና ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያ ተራራ ከብዙ ግቢና ከብዙ ሱቅ በጥቂት በጥቂቱ የወጣ ከረጢት ነበር። ስለዚህ የጓሮ ብስባሽ ነገር የአትክልት ወዳጆች ጨዋታ ብቻ መስሎ አይታየን።

ባለፉት ሳምንታት ስለ ጓሮ አትክልት ካቀረብነው በኋላ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት፣ «ብስባሽ ለማብሰል የትኛውን ዕቃ እንግዛ?» የሚሉ ናቸው። እኛም መልሳችንን ከዋጋው አንጀምርም። ዕቃው ምን ሥራ እንዲሠራልን እንደምንፈልግ ሳናውቅ ወደ ገበያ ብንወጣ፣ ነጋዴው ያለውን ይሸጥልናል እንጂ የምንሻውን አይሰጠንምና ነው።

ፍግ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እንሰት የሚተክሉት የጉራጌና የሲዳማ ቤተ ሰቦች የከብታቸውን ፍግ ወደ እንሰቱ ሥር ይወስዳሉ፤ በሰሜኑም ክፍል ቢኾን ከቤቱ አጠገብ ያለው የጓሮ መሬት ከሩቁ እርሻ ይልቅ ጥቁርና ለም ኾኖ የሚታየው አመዱና ጥራጊው ዘወትር ስለሚጣልበት ነው። ጉዳቱ የመጣው እንጨት በጠፋበት አገር እበቱ ኩበት ኾኖ ወደ ምድጃ መግባት በጀመረ ጊዜ ነው።

ጥራጊን በሥርዓት አብስሎ ወደ አፈር መመለስን በመጽሐፍ ጽፈው ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ አልበርት ሐዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው። ይህ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ በህንድ አገር በኢንዶር ከተማ ሲሠራ የአገሩን ገበሬዎች ልማድ መርምሮ፣ ገለባውንና ቅጠሉን፣ እበቱንና ጥቂት አመድ የተቀላቀለበትን አፈር እየደራረበ፣ በየጊዜውም እያገላበጠ የሚያበስልበትን ዘዴ ከህንዳዊው ባልደረባው ከየሽዋንት ዋድ ጋራ ኾኖ በ1931 ዓ.ም. አሳተመ። በዚያው በህንድ በባንጋሎር የተዘጋጀው ሌላው ዘዴ ደግሞ ጉድጓድ ቈፍሮ፣ ጥራጊውን በእርከን ሞልቶ፣ ላዩን በጭቃ መርጎ ሳይነኩ መተው ነው። የመጀመሪያው ድካም ይፈልጋል፣ ፈጥኖም ይደርሳል፤ ኹለተኛው ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ውሃም ይቈጥባል። ዛሬ በገበያ የሚታየው ዕቃ ኹሉ፣ መልኩ ቢለያይም፣ ከነዚህ ከኹለቱ የአንዱ ልጅ ነው። በአገራችንም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ገበሬዎች ጋራ ኾነው ይህንኑ ሥራ በሰፊው አስፋፍተውታል፤ በዚያ ደረቅ አገር ጉድጓዱ ርጥበት ስለሚጠብቅ ብዙ ጠቅሟል።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። ብስባሽን የሚያበስሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው። እነርሱም አየር ይሻሉ፣ ውሃ ይሻሉ፣ ምግብ ይሻሉ፤ ሲሠሩም ሙቀት ያወጣሉ። በደንብ የተሰናዳ ክምር በጥቂት ቀን ውስጥ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ እጅ ወደ መካከሉ ቢገባ ሙቀቱን አይችለውም። የአረሙን ዘርና ብዙውን የበሽታ ጀርም የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። እንግዲህ የዕቃው የመጀመሪያ ተግባር ይህን ሙቀት መያዝ ነው፤ ኹለተኛው አየር ማስገባት፤ ሦስተኛው የተረፈውን ውሃ ማውረድ፤ አራተኛው አይጥና ውሻ መከልከል። አምስተኛው፣ ሻጮች የሚረሱት፣ የበሰለውን አፈር በአካፋ ለማውጣት የሚመች ደጅ ያለው መኾን ነው።

ከኹሉ በፊት የሚታየው መጠኑ ነው። ክምሩ ስፋቱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር ያህል ሲኾን የራሱን ሙቀት ራሱ ይጠብቃል። ከዚህ በጣም ያነሰ እንደ ኾነ፣ ይልቁንም ከባሕር በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሙቀቱን ይወስድበታል። ከአንድ ሜትር ተኩል ያለፈ እንደ ኾነ ደግሞ መካከሉ አየር አጥቶ ይገማል። ለሳሎን ጌጥ የሚያህል ትንሽ ያማረ ዕቃ ገዝተው በጓሮ ያቆሙ ሰዎች ከመንፈቅ በኋላ ሲከፍቱት ያኖሩትን ልጣጭ እንዳኖሩት የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ጉድጓድ ብዙ ሰው የሚመርጠው ገንዘብ ስለማይጠይቅ ነው። በቆላና በደረቅ አገር እኛም እንመርጠዋለን። በአዲስ አበባ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ዝናብ ማሰብ ያሻል። በእንጦጦ ሥር ባለው ቀይ አፈር ውሃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል፤ በምሥራቅና በደቡብ በኩል ባለው በዝቅተኛው ዋልካ መሬት ግን ጉድጓዱ ኩሬ ይኾናል። ውሃ የቆመበት ብስባሽ አየር ስለሌለው እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ትንኝም ያረባል፤ ግቢ ውስጥ ሕፃናት ካሉማ ክፍት ጉድጓድ በክረምት ምን እንደ ኾነ መናገር አያስፈልግም። ግቢው ዋልካ የኾነ ሰው ጉድጓዱን ይርሳው።

ለሰፊ ግቢ እኛ የምናስቀድመው ከማገርና ከጣውላ የተሠራውን ሣጥን ነው። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፤ በሦስቱ ጐን ማገሩ ወይም ጣውላው አንድ ወይም ኹለት ጣት የሚያህል ክፍተት እየተተወለት ይመታል፤ በፊት በኩል ያለው ግን በምስማር አይመታም። በቋሚዎቹ ላይ በተሠራ ፈፋ ውስጥ ከላይ ወደ ታች እየተሰካ ይገባል፤ ለማገላበጥና ለማውጣት ሲፈለግ አንድ ባንድ ይነሣል። ወለል አይሠራለትም፤ የምድር ትል ከሥር እንዲገባ ክምሩ ባዶ መሬት ላይ ይቀመጣል። አይጥ የሚያስቸግር ግቢ ቢኾን ከሥሩ ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲሜትር ያልሰፋ ሽቦ ይነጠፍበታል፤ ትሉ ያልፋል፣ አይጡ ይቀራል። ክዳኑ ቆርቆሮ ቢኾን መልካም ነው፤ ዝናቡ ወደ ውጭ እንዲወርድ ግን ወደ አንድ ወገን ዘመም ይበል።

ስለ እንጨቱ ጥቂት ቃል እንጨምር። ጽድ ከብዙው እንጨት ይልቅ ምስጥና ብስባሴን ይችላል፤ ነገር ግን ዛሬ የሀገር በቀል ጽድ ቈርጦ የጥራጊ ሣጥን መሥራት የሚያሳፍር ነው፤ ካሮጌ ቤት የወጣ ጽድ ያለው ግን ይጠቀምበት። ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ቢኾንም ለዚህ ሥራ አይገባም፤ ዘይቱ ወደ ብስባሹ፣ ብስባሹ ወደ ሰላጣው፣ ሰላጣው ወደ ልጆቹ ገበታ ይሄዳልና። እንዲሁም በመድኃኒት የተነከረ የመብራት ምሰሶ፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ በርና መስኮት አይወሰድ፤ በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ እርሳስም ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ይህን በመሰለ ነገር ላይ ጥቂት ብር መቈጠብ እንደ ቍጠባ አይቈጠርም።

ከተቻለ ሣጥኑ አንድ ብቻ አይኹን። ኹለት ጐን ለጐን ቢሠሩ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይበስላል፤ ማገላበጥም ሲያስፈልግ ካንዱ ወደ ሌላው መወርወር ነው። አንድ ሣጥን ብቻ ያለው ሰው የዛሬውን ልጣጭ ከትናንቱ የበሰለ አፈር ላይ ሲጨምር ይኖራል፤ መቼም አይጨርስም።

ከቀርከሃ እንደ ጎተራ ተጠልፎ የሚሠራው ዙሪያ ዋጋው ርካሽ፣ አየሩም ብዙ ነው፤ የባለሙያ እጅም ይጠቅማል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። የሽቦው ቅጥር ለደረቅ ቅጠል ማከማቻ ጥሩ ነው፣ ሙቀት ግን አይይዝም። የግንብ ሣጥን ለዘለቄታው ለሚያስብ ባለ ግቢ ይስማማል፤ ግንበኛው ልማዱን ይዞ አየር እንዳይገባ አድርጎ እንዳይደፍነው፣ በየብሎኬቱ መካከል ክፍተት እንዲተው አጠገቡ ቆሞ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ስለ በርሜል ብዙ ተጠይቀናል። የብረቱ በርሜል በየገበያው ይገኛል፤ ከመግዛት በፊት ግን ቀድሞ ምን ይዞ እንደ ነበር መጠየቅ ግዴታ ነው። የኬሚካል ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት ይዞ የነበረ በርሜል ምንም ቢታጠብ አይገባም። ምግብ ይዞ የነበረ ከኾነ ሥሩን ማንሣት፣ ጐኑንም መብሳት ነው፤ ኾኖም ዝገት ፈጥኖ ይበላዋል። ከውጭ የሚመጣውና በእጅ የሚሽከረከረው የፕላስቲክ በርሜል ደግሞ ንጹሕና ለማገላበጥ የቀለለ፣ አይጥም የማይደፍረው ነው፤ ጠባብ ግቢ ላላቸውና ወገባቸውን ለሚያማቸው ይስማማል። ነገር ግን ብዙ አይዝም፤ ከአፈርም ስለማይገናኝ ትል አይገባበትም፤ ባንድ ጊዜ ተሞልቶ እስኪበስል ካልተተወ በቀር የተባለለትን ፍጥነት አያሳይም። ዋጋውን ስናይ፣ በዚያ ገንዘብ ኹለት የጣውላ ሣጥንና አንድ ጥሩ መንሽ ይገኛል የሚል ሐሳብ አለን።

ጓሮ የሌላቸው፣ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ወገኖቻችንም የትል ሣጥን ማቆም ይችላሉ። ይህ ክዳን ያለውና ጐኑ የተበሳ፣ ጥልቀቱ ክንድ የማይሞላ ሣጥን ነው፤ የተቀዳደደና በውሃ የራሰ ወረቀት ይነጠፍበታል፤ በቅጠልና በፍግ ውስጥ የሚኖሩት ቀያዮቹ ትሎች ይገቡበታል። እነርሱ ብዙ ሙቀትም ብዙ ብርድም አይወዱም፤ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ያለው ይስማማቸዋል፤ ስለዚህ ፀሓይ ከሚመታው ሰገነት ይልቅ ጥላ ያለው ጥግ ይሻላል። ልጣጭና የቡና አተላ ይበላሉ። የወጥ ትራፊ ግን፣ ጨው፣ ዘይትና በርበሬ ስላለበት፣ ይገድላቸዋል።

ስፍራውን በተመለከተ፣ ሣጥኑ ከማድ ቤት በጣም ቢርቅ ሠራተኛይቱ በዝናብ ቀን ልጣጩን ካጥር ሥር ትጥለዋለች፤ በጣም ቢቀርብ ደግሞ ዝንቡ ወደ ቤት ይመጣል። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ርምጃ ያህል መልካም ነው። ከውሃ ጉድጓድ ይራቅ፤ ከቤቱ ግድግዳም ይለይ፣ በጭቃና በእንጨት በተሠራ ቤት ላይ ርጥበትና ምስጥ ይጠራልና። ከጐረቤት አጥር ጥግ ማስጠጋትን እንደ ብልኀት የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ የራስን ሽታ ለሌላ ማካፈል ግን ከማይገባው ነገር አንዱ ነው፤ በሚገባ የተሠራ ብስባሽ እንደማይሸት የሚያምን ሰው ከራሱ መስኮት ትይዩ ያቁመው።

አንዳንድ ነገር ወደ ሣጥኑ እንዳይገባ ከወዲሁ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሥጋ፣ አጥንት፣ ስብና ዘይት አይገቡም፤ በከተማው ዳር ላሉት ቤቶች አጥንት ማለት ጅብን በስም መጥራት ነው። የውሻና የድመት ኩስ በሽታ ስላለበት አይገባም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለበት ለመበስበስ ይዘገያል፤ ለሌሎችም አትክልቶች አይስማማም፤ ከጥቂት በቀር አይጨመር። የከሰል አመድ በጣት ጫፍ እንጂ በአካፋ አይጨመር፤ ላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ከቶ አይገባም። የጠላ አተላ ከብት ላለው ለከብቱ ይኹን፤ ለብስባሽ ውሃው ይበዛል። ስለ ደረቅ እንጀራ የጠየቁን አሉ፤ ደረቅ እንጀራ ድርቆሽ ይኾናል እንጂ ለብስባሽ አይደርስም፤ ለብስባሽ የሚደርስበት ቤት ካለ ችግሩ ከብስባሹ በፊት ያለ ነው።

የሚገባው ግን ብዙ ነው። ማወቅ የሚያሻው አንድ ነገር፣ ርጥቡና አረንጓዴው ከደረቁና ከቡኒው ጋራ መመጣጠን እንዳለበት ነው። ሊቃውንቱ ካርቦንና ናይትሮጅን በሚሉት ስሌት 30 እጅ ካርቦን ላንድ እጅ ናይትሮጅን ይላሉ፤ በማድ ቤት ቋንቋ ግን ላንድ ቅርጫት ልጣጭ፣ ርጥብ ሣርና እበት ኹለት ወይም ሦስት ቅርጫት ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተቀዳደደ ካርቶን ወይም ሰጋቱራ ማለት ነው። ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጤማ በማግሥቱ ሲነሣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። የጫት ገራባም ተቈራርጦ ይገባል። ልጣጭ ሲጣል በላዩ ወዲያው ደረቅ ነገር ይልበስ፤ ይህን ያደረገ ቤት ዝንብ አያይም። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከመጣ ርጥቡ በዝቷል፤ ደረቅ ይጨመር። ክምሩ ከቀዘቀዘና ከደረቀ ውሃ ይረጭ። ርጥበቱን ለማወቅ አንድ ጭብጥ ወስዶ መጭመቅ ነው፤ ኹለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከወረደ ትክክል ነው።

በየኹለት ሳምንቱ ያገላበጡት ክምር በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል፤ ያላገላበጡት መንፈቅም ከዚያም በላይ ይቈያል። እዚህ ላይ ስለ ሰው ማንሣት አለብን። ሣጥኑን የሚገዛው ጌታው ነው፤ የሚያገላብጠው ግን ብዙ ጊዜ ዘበኛው ወይም አትክልተኛው ነው፤ ልጣጩን የምትለየው ደግሞ ወጥ ሠሪዋ። ለነዚህ ሰዎች ሥራው ምን እንደ ኾነ ሳይነገራቸው፣ ከደመወዛቸውም ከጐመኑም አንዳች ሳይጨመርላቸው የቆመ ሣጥን ከጥቂት ወር በኋላ የአይጥ ቤት ይኾናል፤ ከዚያም «ብስባሽ ለኛ አገር አይኾንም» ይባላል። ጌታው ራሱ አንድ ቅዳሜ ጧት መንሹን ይዞ አብሮ ቢያገላብጥ ከዕቃው ምርጫ ይልቅ ይጠቅማል፤ በመንሹ ሥር እንፋሎት ሲነሣ ያየ ሰው ሥራውን አይተወውም።

ዕቃ ለመግዛት የሚጣደፉትንም ጥቂት ታገሡ እንላቸዋለን። መጀመሪያ በግቢው ጥግ ያለ ምንም ዕቃ አንድ ሜትር የሚያህል ክምር ይከመርና በላዩ ገለባ ይልበስ። ጊዜው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይመረጣል፤ አረሙና ሣሩ ዘር ሳይይዝ አረንጓዴ ኾኖ በብዛት የሚገኝበት፣ ዝናቡም የሚያቆምበት ነውና። ከዚያ የተነሣው ብስባሽ ለበልግ ተከላ ይደርሳል። ቤቱ በሳምንት ምን ያህል ልጣጭ እንደሚያወጣ፣ ደረቅ ቅጠል ከየት እንደሚገኝ፣ አይጥ መኖር አለመኖሩ በነዚያ ወራት ይታወቃል፤ አናጺውም ሲጠራ የሚታዘዘው ነገር የተለየ ይኾናል።

የበሰለው ብስባሽ የሚታወቀው ዝናብ የነካው መሬት ሲሸት፣ መልኩም ጠቍሮ በውስጡ ምን እንደ ነበረ ሲጠፋ ነው። የሚጠራጠር ሰው በትንሽ ጣሳ አድርጎ የሰላጣ ዘር ይዝራበት፤ ቡቃያው በደኅና ከወጣ ደርሷል፤ ቢጫ ኾኖ ከቀጨጨ ገና ነው። ከዚያ በኋላ በሽቦ ወንፊት ይነፋል፤ ደቃቁ ወደ መደቡ ይሄዳል፤ በወንፊቱ ላይ የቀረው ቍርጥራጭ ግንድና ቅርፊት ግን አይጣልም፤ ወደ ባዶው ሣጥን ተመልሶ ለሚቀጥለው ክምር የታች ንጣፍ ይኾናል፤ አየሩም ከሥር የሚገባው በርሱ መካከል ነው።